381 ቀን በእግር፦ የሞንትጎመሪ አድማ በእድር ጸሐፊ ዓይን

ደብረ ማርቆስ ላይ የሥነ ዜጋ መምህር ሆኜ ብዙ ዓመት ጠመኔ ጨርሻለሁ። በየዓመቱ መብት የሚለው ምዕራፍ ላይ ስንደርስ ያው ነገር ይገጥመኛል። "ማርቲን ሉተር ኪንግን የሚያውቅ እጁን ያውጣ" እላለሁ። ክፍሉ በሙሉ እጁን ያወጣል። "እሺ፣ ምን ሠራ?" ስል አንዱ ፈጠን ብሎ "ሕልም አለኝ አለ!" ይላል። ሌላው ይስቃል። ከዚያ ዝም።

የልጆቹ ጥፋት አይደለም። እኛ ነን እንዲያ ያስተማርናቸው። ታላቅ ሰው ማለት አንድ ቀን ብድግ ብሎ የተናገረ ሰው ይመስላቸዋል። ጎጃም ደግሞ ለጀግና ቀረርቶ አናጣም፤ ለጀግናው ስንቅ ላቀበለው ግን የሚፎክርለት የለም።

አንድ ዓመት ታዲያ ነገሩን ቀየርኩት። የሰውየውን ሕይወት ከልደት እስከ ሞት መተረኩን ተውኩና አንድ ጉዳይ ብቻ መረጥኩ፤ የሞንትጎመሪን የአውቶቡስ አድማ። የዚያች የአሜሪካ ከተማ ጥቁሮች መድልዎን ተቃውመው 381 ቀን አውቶቡስ ያልተሳፈሩበትን ማለቴ ነው። ትምህርቱን የማዘጋጀው ማታ ማታ በረንዳዬ ላይ ነበር። እዚያ ደግሞ ጎረቤቴ አሉ። ወደ ሰባው የተጠጉ፣ ትውልዳቸው ሞጣ በኩል የሆነ፣ የሰፈራችንን እድር መዝገብ ለረጅም ጊዜ የያዙ ሰው ናቸው። ማታ ለወሬ ብቅ ሲሉ እኔ እያነበብኩ እነግራቸዋለሁ፤ እሳቸው ያቋርጡኛል። ጥያቄያቸው የእድር ጸሐፊ ጥያቄ ነው። ማን ጠራው? ማን ከፈለ? ማን ቀረ? እውነቱን ለመናገር ጉዳዩ የገባኝ ከመጽሐፉ ይልቅ በእነዚህ ጥያቄዎች ነው። እዚህም በእሳቸው መንገድ ልሂድ።

ከፍሎ መውረድ

ሞንትጎመሪ በአሜሪካ ደቡብ የአላባማ ግዛት ዋና ከተማ ናት። በ1940ዎቹ በእኛ አቆጣጠር፣ እዚያ ከተማ አውቶቡስ ላይ የፊተኞቹ አሥር መቀመጫዎች የነጭ ነበሩ። ባዶ ቢሆኑም ጥቁር አይቀመጥባቸውም። ጥቁሩ ከኋላ ነው። መሐል ያሉት ወንበሮች ላይ መቀመጥ ይችላል፤ ነጭ ከቆመ ግን ይነሳል። የሚገርመው ከአራት ተሳፋሪ ሦስቱ ጥቁር ነው። ኩባንያውን የሚያኖረው የእነሱ ሳንቲም ነው።

ጎረቤቴን ያናደዳቸው ግን ወንበሩ አልነበረም፤ የአገባቡ ሥርዓት ነው። ጥቁር ተሳፋሪ በፊት በር ገብቶ ለነጂው ይከፍላል። ከዚያ ይወርዳል። ዞሮ በኋላ በር ይገባል። አንዳንዴ ከፍሎ ወደ ኋላው በር እየተራመደ ሳለ ነጂው ጥሎት ይሄዳል።

"ከፍሎ?" አሉ።

"ከፍሎ።"

"ሌባ!" አሉና ጋቢያቸውን ሰበሰቡ።

እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 1 ቀን 1955 ነው። ቀኑን ወደ እኛ ስመልሰው ኅዳር 21 ቀን 1948 ሆነ። ኅዳር ጽዮን። እዚህ ጽዮን ማርያም ስትነግሥ በዋለችበት ዕለት ማለት ነው። እግረ መንገዴን ልናገር፣ ከዚያ አንድ ወር ባልሞላ ጊዜ ቀደም ብሎ፣ ጥቅምት 24 ቀን፣ እኛም የተሻሻለ ሕገ መንግሥት ታውጆልን ነበር። ማንም ሰው የሕግ እኩል ጥበቃ እንዳይነፈግ የሚል አንቀጽ አለው። የአሜሪካም አለው። ወረቀት ላይ ሁለታችንም ደህና ነበርን።

ሮዛ ፓርክስ የ42 ዓመት ሴት ነበረች። ትልቅ መደብር ውስጥ ልብስ ሰፊ ናት። ማታ ከሥራ ስትመለስ መሐል ወንበር ላይ ተቀመጠች። አንድ ነጭ ሲቆም ነጂው በዚያ ረድፍ ያሉትን አራት ጥቁሮች ተነሱ አለ። ሦስቱ ተነሱ። እሷ እንቢ አለች። ፖሊስ ተጠርቶ ወሰዳት። ነጂው ጄምስ ብሌክ ይባላል። ከ12 ዓመት በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1943፣ በፊት በር ለምን ገባሽ ብሎ ያስወረዳትም እሱ ነበር። ሁለቱ አዲስ ሰዎች አልነበሩም።

ብዙ ጊዜ የሚወራው "እግሯን የደከማት ምስኪን ሴት" የሚል ነው። እሷ ራሷ በኋላ ይህን አስተባብላለች፤ ሰውነቷ ከሌላው ቀን የተለየ አልደከመም፤ የደከማት ሁልጊዜ እሺ ማለት ነው። ምስኪንም አልነበረችም። ለጥቁሮች መብት የሚሟገተው ትልቁ ማኅበር በከተማዋ ባለው ቅርንጫፍ ለዓመታት በጸሐፊነት ሠርታለች።

"ጸሐፊ ናት?" አሉ ጎረቤቴ ቀና ብለው። "አዎ" ስላቸው ደስ አላቸው። ከዚያ በኋላ ስሟን ትተው "ጸሐፊዋ" ነበር የሚሏት።

ማን ጠራው?

ተማሪዎቼ ሁሉ "ኪንግ ነዋ" አሉ። አይደለም።

በመጀመሪያ ዋስ ሆኖ ያስፈታት ኢ ዲ ኒክሰን ነው። ባቡር ላይ የመኝታ ክፍል አስተናጋጅ፣ የሠራተኛ ማኅበር ሰው። በዚያው ሌሊት ጆ አን ሮቢንሰን የምትባል የኮሌጅ መምህርት ወደ ሥራ ቦታዋ ሄደች። የሴቶች የፖለቲካ ምክር ቤት የሚባል ማኅበር ትመራ ነበር። ከአንድ ባልደረባዋና ከሁለት ተማሪዎቿ ጋር ሆና ማባዣ ማሽኑን ስታዞር አደረች። ሰኞ አውቶቡስ አትሳፈሩ የሚል በራሪ ወረቀት፣ በአሥር ሺዎች። ጠዋት ክፍሏን አስተማረችና ወረቀቱን በየትምህርት ቤቱና በየሱቁ አዳረሰች። ማኅበሯ የአድማውን ሐሳብ ካነሳው ቆይቷል፤ የሚጠብቀው አጋጣሚ ብቻ ነበር።

እዚህ ላይ ቆም ልበል። እኔም መምህር ነኝ። የመሥሪያ ቤት ማባዣ ሌሊት ተጠቅሞ ጠዋት ክፍል መግባት ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ወረቀቱ የት እንደታተመ ቢታወቅ ደመወዝም ሥራም የለም። ስለ ሮቢንሰን ግን የትኛውም የእኛ ፈተና ላይ ጥያቄ ወጥቶ አያውቅም።

ሰኞ ዲሴምበር 5፣ በእኛ ኅዳር 25፣ አውቶቡሶቹ ባዷቸውን ዋሉ። ፓርክስ በዚያው ቀን ፍርድ ቤት ቀርባ 10 ዶላር መቀጮ እና 4 ዶላር የፍርድ ቤት ወጪ ተፈረደባት። ከሰዓት በኋላ መሪዎቹ ተሰብስበው የሞንትጎመሪ ማሻሻያ ማኅበር የሚል ድርጅት አቋቋሙ። ኪንግ የተመረጠው ያኔ ነው። 26 ዓመቱ ነበር። ከተማዋ ውስጥ ፓስተር ሆኖ ከተቀጠረ ከሁለት ዓመት በታች ነው። የመጀመሪያ ልጁ ከተወለደች ሦስት ሳምንት አልሞላትም።

ለምን እሱ? ከምክንያቶቹ አንዱ ያስቃል። አዲስ ስለሆነ ጠላት አላፈራም። ከነባሮቹ መሪዎች መካከል የተኳረፉ ነበሩ፤ እሱ ከማንም አልተኳረፈም። ነገሩ ቢበላሽም ወጣትና የተማረ ነው፤ ሌላ ከተማ ሥራ አያጣም።

ጎረቤቴ ሳቁ። "እድር ላይም እንዲሁ ነው" አሉ። "አባልና አባል ሲኳረፍ አዲስ የገባውን ሰብሳቢ እናደርጋለን።"

ያን ማታ ሆልት ስትሪት የሚባለው ቤተ ክርስቲያን ጢም ብሎ ሞላ። የቀረው ሕዝብ ደጅ ቆሞ በድምፅ ማጉያ ሰማ። ኪንግ ንግግሩን ለማዘጋጀት ያገኘው ሃያ ደቂቃ ገደማ ነበር። ጥሩ ተናገረ። ሕዝቡ አድማው ይቀጥል አለ። ጥያቄያቸው ምን ነበር ቢሉ፣ መለያየቱ ይቅር እንኳ አላሉም። ነጂዎች በትሕትና ያስተናግዱን፣ ጥቁር ከኋላ ነጭ ከፊት ጀምሮ ቀድሞ የመጣ ይቀመጥ፣ የተቀመጠ አይነሳ፣ ጥቁር በሚበዛበት መስመር ጥቁር ነጂ ይቀጠር። ይኸው ነው። ከተማው ይህን ቢቀበል ኖሮ ነገሩ በሳምንት ያልቅ ነበር። አልቀበልም አለ።

"አድማ" የሚለው ቃል በእኛ አፍ ደስ አይልም። አድመኛ ማለት ሸረኛ ማለት ነው። አላባማም እንዲሁ ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1921 የወጣ አድማን የሚከለክል ሕግ ነበራቸው። በፌብሩዋሪ 1956 በዚያ ሕግ ኪንግን ጨምሮ 89 ሰው ከሰሱ። ኪንግ 500 ዶላር ተፈረደበት። ተከሳሾቹ ፖሊስ እስኪመጣ አልጠበቁም፤ የክት ልብሳቸውን ለብሰው በእግራቸው ሄደው እጃቸውን ሰጡ። ስማችን ዝርዝሩ ላይ አለ ወይ ብለው የጠየቁም ነበሩ።

ማን ከፈለ?

መጀመሪያ የጥቁር ታክሲዎች በአውቶቡስ ሒሳብ፣ በ10 ሳንቲም፣ ሰው ጫኑ። ከተማው ወዲያው ታክሲ ከ45 ሳንቲም በታች ማስከፈል ክልክል ነው አለ። ያ በር ተዘጋ።

ኪንግ ስልክ ደወለ። ሉዊዚያና ባተን ሩዥ ከተማ ውስጥ ከሁለት ዓመት በፊት አጭር የአውቶቡስ አድማ ያካሄደ ቲ ጄ ጀሚሰን የሚባል ፓስተር ነበር። እንዴት አደረጋችሁት አለው። የግል መኪና ያላቸውን አሰማሩ አለው። በቀናት ውስጥ ወደ 300 መኪና ተሰለፈ። በየሰፈሩ ወደ 40 የሚጠጉ መሳፈሪያ ቦታዎች ተመደቡ። ጠዋት ከዚህ ተነስቶ እዚያ ያራግፋል፤ ማታ በተቃራኒው። መሐል ከተማ አንድ የመኪና ማቆሚያ ዋና መናኸሪያ ሆነ። ተራ አስከባሪም ነበራቸው። በእርግጥ የእኛ ባጃጅ ተራ ላይ እንዳለው ሳንቲም የሚቀበል ሳይሆን ማን ወዴት እንደሚሄድ የሚደለድል።

ክፍል ውስጥ ይህን በጨዋታ ሠራነው። ሥራዎቹን ሰሌዳ ላይ ጻፍኩ፤ ተናጋሪ፣ ነጂ፣ ተራ አስከባሪ፣ ገንዘብ ያዥ፣ ምግብ አብሳይ፣ በራሪ ወረቀት አዳይ። ምረጡ አልኩ። ከግማሽ የሚበልጠው ኪንግ ልሁን አለ። ተራ አስከባሪ ልሁን ያለ አንድ ልጅ ብቻ ነው። እሱም አጎቱ መናኸሪያ ስለሚሠራ።

ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ልጅ ግን ስትደምር ቆይታ እጇን አወጣች። "መምህር፣ አውቶቡስ መሳፈር ያቆሙት 40 ሺህ ገደማ ናቸው አሉ። 300 መኪና አምስት አምስት ሰው ቢጭን በአንድ ዙር 1500 ነው። አይበቃም።" ልክ ነበረች። ብዙው ሰው በእግሩ ነበር የሚሄደው። ዝናብም ሆነ ብርድ። ከማርቆስ ዳር ዳር ገበያ ለሚመጣ ገበሬ ይህ ወሬ አይደለም፤ ነገር ግን ቀኑን ሙሉ ሰው ቤት ወለል ስትወለውል ለዋለች ሴት ዓመት ሙሉ መመላለስ ሌላ ነው። በመኪና እናድርስዎት ሲሏቸው እምቢ ያሉ፣ እናት ፖላርድ የሚሏቸው አንዲት አሮጊት ነበሩ። እግሬ ደክሟል ነፍሴ ግን አርፋለች አሉ ይባላል።

ነጭ እመቤቶችም ሠራተኞቻቸውን በመኪና ማመላለስ ጀመሩ። አድማውን ደግፈው ብቻ አይደለም። ምሳ የሚሠራላቸው ሰው ስላጡ ነው። ከንቲባው አድማውን የምታራዝሙት እናንተ ናችሁ ብሎ ቢቆጣ የሰማው የለም።

ነዳጅ፣ ጎማ፣ ጥገና፣ ሁሉም ገንዘብ ይፈልጋል። ስብሰባ በየሳምንቱ ሰኞና ሐሙስ ነው። እየዘመሩ ያዋጣሉ። ከሩቅም እርዳታ መጥቷል። ጎረቤቴን የማረከቻቸው ግን ጆርጂያ ጊልሞር ናት።

ጊልሞር ምግብ ቤት ወጥ ቤት ነበረች። አድማው ሲጀመር ከሰፈር ሴቶች ጋር ተሰባሰበች። ዶሮ ይጠብሳሉ፣ ኬክ ይጋግራሉ፣ ሳንድዊች ያዘጋጃሉ። በየፀጉር ቤቱ፣ በየታክሲ ተራው ይሸጣሉ። ትርፉን ስብሰባ ላይ ይዛ ትቀርባለች። ከየት አመጣችሁት ሲባሉ "ከየትም" ነው መልሱ። የማኅበራቸው ስም ራሱ "የየትም ክበብ" ተባለ። ቀልድ አይደለም። አብዛኞቹ ነጭ ቤት ተቀጣሪዎች ናቸው፤ ስማቸው ቢወጣ በነጋታው ይባረራሉ። ለነገሩ ጊልሞር ራሷ ፍርድ ቤት ቀርባ ስለመሰከረች ከሥራዋ ተባረረች። ኪንግ ቤትሽ ውስጥ አብስለሽ ሽጪ ብሎ መቋቋሚያ ረዳት። ከዚያ ወዲያ ኪንግ ከሰው ጋር ቀጠሮ ሲኖረው የእሷ ሳሎን ውስጥ ምሳ እየበላ ነበር የሚወያየው።

"መዝገብ ነበራት?" አሉ ጎረቤቴ።

"ስም የሌለበት መዝገብ ይሆናላ" አልኩ።

ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ስም የሌለበት የመዋጮ መዝገብ ለእድር ጸሐፊ ጉድ ነው። "እንዲያ ከሆነ" አሉ በመጨረሻ፣ "እርስ በርስ መተማመናቸው ነው እንጂ ሌላ ምን አላቸው።"

ከተማው መኪኖቹን በቅጣት ያዋክብ ጀመር። ኪንግ ራሱ በጃንዋሪ 26 ቀን 1956፣ 25 ማይል በሚፈቅድ መንገድ 30 ነዳህ ተብሎ ታሰረ። አብያተ ክርስቲያናት በስማቸው የገዟቸውን መኪኖች ኢንሹራንስ ደጋግመው ሰረዙባቸው። መጨረሻ ላይ ሎይድስ ከሚባለው የለንደን የኢንሹራንስ ገበያ ዋስትና አገኙ።

ቤት ውስጥ ያለው መሣሪያ

ለጎጃም ልጅ ይህን ክፍል ማስተማር ከሁሉ ይከብዳል። እኛ ዘንድ ጠመንጃ ዕቃ ብቻ አይደለም። ዘፈናችን በላይ ዘለቀ ነው። አምስት ዓመት ጣሊያንን ተዋግቶ በ1937 ዓ.ም. በገዛ መንግሥቱ የተሰቀለ ሰው። ተመታሁና ዝም አልኩ የሚል ሰው ታሪክ ለእንደዚህ ያለ ልጅ መንገር ፈሪን ማወደስ ይመስላል።

ኪንግ ግን ሲጀምር እንዲያ አልነበረም። ቤቱ ውስጥ መሣሪያ ነበር። ዘብ የሚቆሙለትም ሰዎች ነበሩ። ባያርድ ረስቲን የሚባል የሰላማዊ ትግል መካሪ ከኒውዮርክ ሊጎበኘው ሲመጣ አብሮት የገባው ጋዜጠኛ ወንበር ላይ ሊቀመጥ ሲል፣ ረስቲን ቆይ ሽጉጥ አለበት ብሎ አስቆመው። ይህን ስነግራቸው ተማሪዎቼ በጣም ሳቁ። ሁሉም የሚያውቁት ቤት ሆነ።

ማታ ማታ ስልክ ይደወላል፤ እንገድልሃለን። አንድ ሌሊት፣ ጃንዋሪ 27፣ እንቅልፍ እምቢ ቢለው ተነስቶ ቡና አፈላ። ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ስኒውን አስቀምጦ ብቻውን ተቀመጠ። ፈሪ ሳይመስል እንዴት ከዚህ ነገር እንደሚወጣ ሲያስብ ነበር፤ ይህን ራሱ ተናግሯል። ጸለየ። ድፍረት አገኘሁ አለ።

ከሦስት ቀን በኋላ ቤቱ ላይ ቦምብ ተጣለ። ጃንዋሪ 30፣ በእኛ ጥር 21። ደግሞ አስተርእዮ ማርያም! ጎረቤቴ ይህን ሲሰሙ አማተቡ። ኪንግ ስብሰባ ላይ ነበር። ባለቤቱ ኮሬታና ሕፃኗ ቤት ናቸው። ኮሬታ በረንዳው ላይ ዱብ ያለ ነገር ሰማች፤ ተነስታ ወደ ጓዳ አለች። በረንዳውና መስኮቱ ረገፈ። ማንም አልሞተም።

ኪንግ ሲደርስ ደጁ በሰው ተሞልቷል። ጠመንጃ የያዘ አለ፣ ጩቤ የያዘ አለ፣ ጠርሙስ የጨበጠ ልጅ አለ። ከንቲባውና የፖሊስ ኃላፊው እዚያው ቆመዋል፤ ፊታቸው አመድ መስሏል። አንድ ቃል ቢያወጣ ያለቀ ነገር ነው። ሚስቱንና ልጁን አይቶ ወጣ፤ የፈረሰው በረንዳ ላይ ቆሞ እጁን አነሳ። መሣሪያ የያዛችሁ ወደ ቤታችሁ መልሱ አለ። እኔ ብቆምም ሥራው አይቆምም አለ። ሕዝቡ ተበተነ።

እዚህ ላይ ታሪኩ ንጹሕ ሆኖ ያልቃል ብላችሁ አታስቡ። ከዚያ በኋላ ኪንግ ሽጉጥ የመያዝ ፈቃድ ጠየቀ። ተከለከለ። መሣሪያውን ከቤት ያወጣው ቆይቶ፣ ከእነረስቲን ጋር ብዙ ተከራክሮ ነው። ዘብ የሚጠብቀው ሰው ሌላውን አትተኩስ ማለት አይችልም ብሎ ደመደመ። የሰላም ሰው ሆኖ አልተወለደም። ነገሩን እየኖረበት ነው የደረሰበት።

ጎረቤቴ ያን ማታ የራሳቸውን አወጡ። በ1960 ዓ.ም. መንግሥት በእርሻ ገቢ ላይ ግብር አወጀ። ጎጃም ርስተኛ አገር ነው። ገማቾቹ መጡ ማለት ቀጥሎ መሬት ሊለኩ ነው፣ ከዚያ ርስታችን ሊሄድ ነው ተባለ። ሞጣም፣ ደጋ ዳሞትም፣ ብቸናም ተነሳ። ጦር መጣ። አውሮፕላንም መጣ። "በሬዎቹ" አሉ፣ "ከነቀንበራቸው ነው የሮጡት። አንዱ ገደል ገባ። አባቴ ያለቀሰው ለሰው አይደለም፣ ለዚያ በሬ ነው።" በኋላ ንጉሡ ገዥውን አዛወሩ፤ ውዝፉ ግብርም ቀረ።

"ታዲያ አሸነፋችሁ" አልኳቸው።

"ግብሩን አሸነፍን" አሉ። "በሬው ግን ሞቷል።" ከዚያ ትንሽ ቆይተው፣ "እኛ ነፍጥ ነበረን፣ እነሱ ጫማ ብቻ። በጫማ 381 ቀን?" ራሳቸውን ነቀነቁ። አድናቆት ይሁን ጥርጣሬ አልለየሁም።

ማን ቀረ?

እድር ላይ የቀረ ሰው ይቀጣል፤ የተረሳ ሰው ግን ሌላ ነገር ነው። ከፓርክስ ዘጠኝ ወር በፊት፣ ማርች 2 ቀን 1955፣ ክላውዴት ኮልቪን የምትባል የ15 ዓመት ተማሪ አልነሳም ብላ ታስራለች። መሪዎቹ ጉዳዩን ያዙና ተዉት። ልጅ ናት፣ ቁጡ ናት፣ የደሃ ልጅ ናት ተባለ። በኋላም አረገዘች። ጋዜጣ ፊት የምትቀርብ የተከበረች ሴት ፈለጉ።

ክፍሌ ውስጥ ትልቁ ክርክር የተነሳው እዚህ ላይ ነው። ሴቶቹ ተቆጡ። አንዱ ወንድ ልጅ "ስልት ነው እኮ" አለ። "ስልቱ እኔን ይጨምራል ወይ?" አለችው ያቺ የምትደምረዋ ልጅ። ደወል ተደወለ።

ለነገሩ አድማውን የጨረሰው የኮልቪን ቃል ጭምር ነው። ፍሬድ ግሬይ የሚባል የ25 ዓመት ጠበቃ በፌብሩዋሪ 1956 በፌዴራል ፍርድ ቤት ክስ ከፈተ። የፓርክስን ጉዳይ ትቶ አውሪሊያ ብራውደርን፣ ኮልቪንን፣ ሱዚ ማክዶናልድንና ሜሪ ሉዊዝ ስሚዝን ከሳሽ አደረገ። ኮልቪን ቀርባ መሰከረች። በጁን ወር ሦስት ዳኞች ሁለት ለአንድ ፈረዱ፤ በአውቶቡስ ላይ መለያየት ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል። ከተማው ይግባኝ አለ።

ኖቬምበር 13 ቀን ኪንግ ሌላ ችሎት ተቀምጦ ነበር። ከተማው የመኪና ስምሪቱ በሕግ ይታገድልኝ ብሎ እየተከራከረ ነው። ኪንግ እንደሚሸነፍ አውቋል። ዕረፍት ላይ አንድ ጋዜጠኛ ቁራጭ ወረቀት ሰጠው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የሦስቱን ዳኞች ውሳኔ አጽንቷል። በዚያው ቀን የመኪና ስምሪቱም ታገደ። ትእዛዙ በወረቀት እስኪደርስ የቀረውን አምስት ሳምንት ገደማ መኪና አልነበረም። በእግርና በጎረቤት መኪና ጨረሱት።

ዲሴምበር 20 ቀን 1956 ትእዛዙ ደረሰ። በማግሥቱ፣ ታኅሣሥ 12 ቀን 1949፣ ጎህ ሲቀድ ኪንግ ደጁ ላይ አውቶቡስ ያዘ። ከፍሎ ፊት ተቀመጠ። አጠገቡ ነጭ ፓስተር ተቀመጠ።

ከዚያ ሁሉ ሰላም ሆነ ብዬ ብጽፍ ውሸት ነው። በቀናት ውስጥ አውቶቡሶች ላይ ተተኮሰ። አንዲት እርጉዝ ሴት እግሯን ተመታች። በጃንዋሪ 1957 በአንድ ሌሊት አራት አብያተ ክርስቲያናት ላይ ቦምብ ተጣለ። ፓርክስ ሥራዋን ካጣች ቆይታለች፤ ዛቻውም አልቆም አለ። እ.ኤ.አ. በ1957 ከባሏና ከእናቷ ጋር ሞንትጎመሪን ለቃ ወደ ዲትሮይት ሄደች። ኮልቪን ወደ ኒውዮርክ። የልጅነት ክሷ ከመዝገብ የተሰረዘላት እ.ኤ.አ. በ2021 ነው፤ 82 ዓመቷ ነበር።

የኪንግን ቀሪ ዕድሜ ተማሪዎቼ መጽሐፋቸው ላይ ያገኙታል። እ.ኤ.አ. በ1963 ዋሺንግተን ላይ ወደ 250 ሺህ ሰው ፊት የተናገረው፣ በ1964 የሲቪል መብቶች ሕግ፣ በዚያው ዓመት በ35 ዓመቱ የኖቤል ሽልማት፣ በ1965 የምርጫ መብት ሕግ። ኤፕሪል 4 ቀን 1968 ሜምፊስ ላይ ተገደለ። 39 ዓመቱ ነበር። እዚያ የሄደው የቆሻሻ ጠራጊዎችን የሥራ ማቆም አድማ ሊደግፍ ነው።

በእኛ መጋቢት 26 ቀን 1960 ነው። ለጎረቤቴ ነገርኳቸው።

"ያኔ እኛ ጫካ ነበርን" አሉ። "ሬዲዮ የለ፣ ማን ይነግረናል።"

ሊሄዱ ተነሱ። በሩ ላይ ሲደርሱ ተመለሱ። አንድ የቀራቸው ነገር ነበር።

"ያ ነጂ፣ ያስያዛት፣ ምን ሆነ?"

"እዚያው ኩባንያ ሲነዳ ኖሯል። እ.ኤ.አ. እስከ 1974።"

"ጥቁሮቹንም እየጫነ?"

"እነሱንም።"

"በፊት በር ገብተው?"

"በፊት በር።"

ትንሽ አሰቡ። "ከከፈሉ በኋላ ጥሎ አይሄድማ" አሉና በትራቸውን አንስተው ወጡ።